በእኔ ልክ የተሠራ ጠመንጃ

አባቴ ጠመንጃ ሊያሠራ መሆኑን ከቤታችን ሰው ሁሉ ቀድሜ ያወቅኩት እኔ ነኝ። ቢያንስ እንደዚያ ይመስለኝ ነበር።

አሥር ዓመቴ ነው። የምንኖረው አየር ማረፊያው አጠገብ ባለችው በዴ ሞይን ከተማ፣ አውሮፕላን ባለፈ ቁጥር የመስኮቱ መስታወት የሚንቀጠቀጥበት አፓርታማ ውስጥ ነው። አባቴ ወንዳፍራሽ የጭነት መኪና ይነዳል። ተራራውን ተሻግሮ ከያኪማ ፖም እየጫነ ያመጣል፤ የሳምንቱን ግማሽ እዚያው ያድራል። እናቴ ማንአልሞሽ አየር ማረፊያው ውስጥ በዊልቸር ሰው ትገፋለች። ቅዳሜ እሷ ሥራ ትገባለች፣ እሱ ደግሞ ቤት ይውላል። ጠዋት ስትወጣ የጃኬቴን ዚፕ እስከ አገጬ ትዘጋና እጄን ይዛ ለእሱ ታስረክበኛለች።

«የትም ብትሄድ ይዘሃት ሂድ» ትለዋለች።

«ትሰለቻለች እኮ።»

«ትሰልች።»

ሁለታችን እንድንዋደድ የምትጥር ይመስለኝ ነበር። ሲበዛ ጥሩ ሴት ናት ብዬ ነበር የማስበው።

አንድ የጥር ቅዳሜ አባቴ ወደ ፓርኩ የሚታጠፈውን መንገድ አልፎ ቀጥ ብሎ ነዳ። ዝናቡ ያለማቋረጥ ይወርዳል። ከአንድ አሮጌ ቤት ፊት ፓርክ አደረገና በጓሮ በኩል ወዳለ ጋራዥ ይዞኝ ገባ። ሎርን የሚባል ነጭ ሽማግሌ ነው የከፈተልን። ሸሚዙ ላይ የብረት ብናኝ ያብረቀርቃል። ቤቱ የማሽን ዘይት፣ የተቃጠለ ብረትና የረጠበ ውሻ ይሸታል፤ ውሻው ራሱ ከማሞቂያው ሥር ተዘርግቷል። መሀል ላይ ከመኪናችን የሚረዝም ማሽን ቆሟል። አባቴ በመዳፉ መታ መታ አደረገውና «ቶርኖ ነው፤ ብረት የሚቀርጸው ይኼ ነው» አለኝ፤ ልክ የድሮ ጎረቤቱን እንደሚያስተዋውቀኝ።

ሎርን ጠረጴዛው ላይ ቁራጭ ምንጣፍ ዘርግቶ ሦስት የጠመንጃ አፈሙዞች ደረደረ። አንዱ ከአውራ ጣቴ ብዙም አይወፍርም። ሁለተኛው እንደ መጥረጊያ እንጨት ወፍሮ ከጫፍ እስከ ጫፍ እኩል ነው። ሦስተኛውም ወፍራም ነው፣ ግን ውጪውን ዙሪያ በረጅም ቦዮች ተቦርቡሯል። ሽማግሌው ወፍራሙን አንስቶ ወደ መስኮቱ አዞረና «እዪ» አለኝ። አንድ ዓይኔን ጨፍኜ አየሁ። ውስጡ የሚያበሩ መስመሮች እየተጠመዘዙ ይሄዳሉ፤ ጫፉ ላይ ዝናቡ፣ አጥሩና የጎረቤቱ ዛፍ በአንዲት ክብ ውስጥ ተሰብስበዋል። እስከዚያ ቀን ድረስ እንደዚያ የሚያምር ነገር አላየሁም ነበር። ዛሬም ብዙ አላየሁም።

«ለምንድን ነው የምትፈልገው?» ሎርን አባቴን ጠየቀው። «ለዒላማ ውድድር ነው ወይስ ለማሳ?»

«ለሁለቱም» አለ አባቴ በዚያ እየተጠነቀቀ በሚናገረው እንግሊዝኛው። «ቅዳሜና እሁድ ውድድር አለ። በጋ ላይ ደግሞ ገበሬዎቹ ሳር የሚያበላሹባቸው ሽኮኮዎች እንዲገደሉላቸው ይፈልጋሉ።»

ሎርን ራሱን አከከ። ቀጭኑ ለማሳ ጥሩ ነው፣ ቀኑን ሙሉ ተሸክመኸው ብትሄድ አይታወቅህም፤ ግን ጥቂት ከተተኮሰበት ይግላል፣ ሲግል ጥይቱ መስመሩን ይስታል፣ አለ። ወፍራሙ ቶሎ አይግልም፣ አይዋዥቅም፤ ተኝተህ ለምትተኩስበት ከሱ የሚሻል የለም። ማሳ ውስጥ ግን ቀትር ሳይደርስ ትጠላዋለህ።

«ሁለቱንም እኩል የሚሠራ አፈሙዝ የለም» አለ። «የትኛው ይበልጥብሃል?»

«ሁለቱም።»

«አንዱን ምረጥ ነው የምልህ።»

«ገብቶኛል። ሁለቱም።»

እዚህ ላይ ምሳሌ ማውጣት የሚፈልግ ሰባኪ ካለ ይውሰደው፤ እኔ ጊዜ የለኝም። ያን ቀን ያየሁት ዕቃ ለመምረጥ የተቸገረ አባት ብቻ ነው።

ሽማግሌው ወደ እኔ ዞረ። «ለእሷ ነው?»

አባቴ አየኝ፤ ከእግሬ እስከ ራሴ። «በእሷ ልክ ነው» አለ።

ሎርን ክንዴን አጥፌ እንድይዝ ነገረኝና ሜትሩን ዘረጋ፤ ሰደፉ ትከሻ ላይ አርፎ ጣት ቃታው ጋ መድረስ አለበት። «የምትይዢው በየትኛው እጅሽ ነው?» አለኝ።

እኔ ግራኝ ነኝ። ቤታችን ውስጥ ይኼ እንደ አመል ነው የሚታየው። እናቴ ትሪው ላይ ግራ እጄን ባየች ቁጥር በማንኪያ ጀርባ ትመታዋለች፤ እንግዳ ሲመጣ ከቂጤ ሥር አድርጌ እንድቀመጥበት ታዝዘኛለች። «በግራሽ ጎርሰሽ ሰው ፊት እንዳታዋርጂኝ» ነበር የምትለው። አባቴም በልጅነቱ ግራኝ ነበር፤ እሱን በአርጩሜ ነው የመለሱት። ስለዚህ ቀኜን አነሳሁ።

አባቴ ቀኜን በቀስታ ዝቅ አደረገው። ግራዬን ከጃኬቱ እጅጌ ውስጥ ፈልቅቆ አወጣና ለሰውየው ሰጠው። «ይኼኛው» አለ። «ማቀባበያውም በግራ በኩል ይሁን።»

ከዚያ በኋላ ጠመንጃው የማን እንደሆነ እንዴት እጠይቃለሁ?

ማታ እናቴ ከሥራ ተመልሳ ፀጉሬን እያበጠረች የት እንደዋልን ጠየቀችኝ። ሁልጊዜ ትጠይቃለች።

«ፓርክ» አልኩ። አባቴ እንደዚያ በይ ብሎኝ ነበር፤ እኔም እናቴ መሣሪያ ስለማትወድ መስሎኝ ነው።

«ማን ነበር?»

«ኖባዲ።»

«ስልክ አወራ?»

«አይ ዶንት ኖው።»

«ሴት ነበረች?»

«ኖ፣ ማሚ። ውሻ ነበር።»

እጇ ፀጉሬ ላይ ትንሽ ቆመ፣ ከዚያ ማበጠሪያው መሄዱን ቀጠለ።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ጋሽ ዘመድኩን አብሮን መጣ። የአባቴ ጓደኛ ነው፤ ታክሲ ይነዳል፤ ሳይቀልድ ሰላም አይልም። ሎርን ጋራዥ ውስጥ ከውሻው አጠገብ ተቀምጬ ቀጭኑን አፈሙዝ አገላብጣለሁ፤ ሁለቱ በር ላይ ያወራሉ።

«አንተ ሰውዬ፣ ይኼ ነገር አንድ ቀን ጉድ ያፈላል» ይላል ጋሽ ዘመድኩን።

«ዝም በል፣ ልጅ አለች።»

«ልጅ አለች ይላል ደግሞ። አንተን ልጅ ቸግሮህ ያውቃል?»

«ዘመድኩን።»

«ኦኬ፣ ኦኬ። ሶ ማንአልሞሽ ብትሰማስ?»

«ማን ይነግራታል? አንተ?»

«እኔማ ምን አግብቶኝ። እኔ የምልህ አንድ ነገር ነው፤ ለዚያኛው ቤት ይኼን ያህል ከደከምክ ለዚህኛውም ድከም። ሚዛን አለ አይደል?»

«ይኸው እዚህ አይደለሁም? ቅዳሜን ለማን ነው የሰጠሁት?»

«ቅዳሜን» አለ ጋሽ ዘመድኩን፣ ሳቀ፤ ከዚያ እኔን ሲያይ ሳቁን ዋጠው። ከኪሱ ማስቲካ አውጥቶ ሰጠኝ። «አንቺ ጀግና፣ የትኛው ነው የሚሻለው?»

«ፋቲው» አልኩት፣ ወፍራሙን እያሳየሁ።

«ተባረኪ። ሴት ልጅ ክብደት ያለውን ነው መምረጥ ያለባት» ብሎ ወደ አባቴ አየ።

«ያኛው ቤት» ሲሉ የተኩስ ክለቡን ነው ብዬ ነበር። ግድግዳው ላይ የዒላማ ወረቀቶች የተሰቀሉበት፣ እኔ ግራ እጄን ከሥሬ ሳላደርግ የምቀመጥበት ቤት አንድ ቦታ የሚጠብቀኝ ይመስለኝ ነበር። ሌላ ልጅ የሚለው ቃል ጭንቅላቴ ውስጥ አልነበረም። ለነገሩ አባቴ ሦስት ሰዓት በሚወስድ መንገድ ላይ ሦስት ቀን የሚቆየው ለምን እንደሆነ መቁጠር የሚችል ልጅ ነበርኩ፤ ሒሳብ ጎበዝ ነበርኩ። ማንም ያንን ቁጠሪ አላለኝም።

ችግሩ ወፍራሙ ከባድ መሆኑ ነበር። አባቴ ክንዴ ላይ ሲያስቀምጠው ጉልበቴ ድረስ ተሰማኝ። መያዝ ካልቻልኩ እንደማላገኘው ገባኝ። ስለዚህ ሳምንቱን ሙሉ ከትምህርት ቤት ስመለስ፣ እናቴ ሳትገባ፣ የልብስ ሳሙናውን ጋሎን በግራ እጄ ወደ ፊት ዘርግቼ ኮሪደሩ ላይ እቆማለሁ። ክንዴ ይቃጠላል፤ ሳሙናው ውስጡ ይንቦጫረቃል። ጋሎኑን አስቀምጬ እስትንፋሴን እሰበስብና እንደገና አነሳለሁ። አንድ ቀን እናቴ ቀድማ ገብታ አገኘችኝ።

«ምን እያደረግሽ ነው?»

«ኤክሰርሳይዝ።»

«በግራ እጅሽ?»

ጋሎኑን ወደ ቀኝ አዛወርኩት።

በሦስተኛው ቅዳሜ መወሰን ነበረበት። ሎርን ወፍራሙን አፈሙዝ አንድ አሮጌ ሰደፍ ላይ አስሮ ጠበቀን። ቆሜ እንድይዘው ሰጠኝ። ሰደፉ ትከሻዬ ላይ ቀዝቃዛ ነው፤ ጉንጬን ሳስጠጋ የዘይቱ ሽታ አፍንጫዬ ውስጥ ገባ። ግድግዳው ላይ ባለው የቀን መቁጠሪያ ላይ አነጣጠርኩ። መጀመሪያ ደህና ነበር። ከዚያ ጫፉ መዞር ጀመረ፤ ትንሽ ክብ፣ ከዚያ ትልቅ ክብ። ትንፋሼን ያዝኩ። ባሰበት።

«ይከብዳል?» አለ አባቴ።

«ኖ።»

«ኖሊ» አለኝ፣ ኖላዊት የሚለውን ስሜን አቆላምጦ።

«አይከብድም አልኩ።»

ሎርን ለአባቴ ራሱን ነቀነቀለት። ጠመንጃውን ከእጄ ተቀብሎ ቦይ የተቦረቦረበትን ሦስተኛውን አሰረ። ይኼ ወፍራም ነው ግን ከላዩ ብረት ተፍቆለታል፣ ቀለል ይላል፣ ሙቀቱንም ቶሎ ይለቃል፤ የሁለቱ አማካይ ነው፣ አለ። ይዤው ቆምኩ። ጫፉ ጸጥ አለ።

አባቴ ከፊቴ ተንበርክኮ ዓይን ዓይኔን አየኝ። እንደዚያ አድርጎ ጠይቆኝ አያውቅም። «የትኛው ይሻላል? አንቺ ነሽ የምትመርጪው።»

የምወደው ከባዱን ነበር። ያስመረጠኝ ግን ክንዴ ነው። «ይኼኛው» አልኩ።

«እርግጠኛ ነሽ? ቀኑን ሙሉ ሊያዝ ይችላል?»

«ይችላል።»

«ተኝቶ ሲተኮስስ?»

«ዳዲ፣ ይችላል አልኩህ።»

አቀፈኝ። ጢሙ ግንባሬን ወጋኝ። ሎርን በእርሳስ አፈሙዙ ላይ ምልክት አደረገና ፀደይ ሲገባ ይደርሳል አለ። ወደ ቤት ስንመለስ አባቴ መኪናው ውስጥ እያንጎራጎረ ነበር፤ እኔ ግራ እጄን መስኮቱ ላይ አድርጌ ዝናቡ ላይ በጣቴ አነጣጥራለሁ። በሕይወቴ የዚያን ቀን ያህል ደስታ የተሰማኝ ጊዜ ካለ አላስታውስም፤ የሚያናድደኝም እሱ ነው።

ፀደይ ገባ። ልደቴ ግንቦት ላይ ነው። ስጦታው ጫማ ሆነ፤ መንኮራኩር ያለው። እናቴ በስልክ ፎቶ እያነሳችኝ ነበርና ፈገግ አልኩ። በኋላ አባቴን ኮሪደሩ ላይ ይዤ «ዌር ኢዝ ኢት?» አልኩት።

«ምኑ?»

«ዘ ራይፍል።»

ወደ ወጥ ቤቱ አየ። ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ሸጥኩት። አየሁት፣ ላንቺ ከባድ ነው።»

ያን የትምህርት ዕረፍት በሙሉ የሳሙናውን ጋሎን ሳነሳ ከረምኩ። ክንዴ ነው ያሳጣኝ ብዬ። ሃይስኩል ስገባ ቀዘፋ ቡድን ውስጥ ተመዘገብኩ፤ ከዩኒቨርሲቲ ተመርቄ ሥራ ስይዝም ማንም የማያነሳውን ዕቃ እኔ አነሳለሁ ብዬ እሻማለሁ። ሰዎች ጠንካራ ናት ይሉኛል። እንደዚያ ነው የተሠራሁት፤ በአንድ ሰው ውሸት።

ባለፈው ኅዳር አባቴ ጭንቅላቱ ውስጥ ደም ፈሰሰው። ኮረብታው ላይ ያለ ሆስፒታል ተኛ፤ ግማሽ ጎኑ አይንቀሳቀስም፣ ቃል አይወጣውም። በሁለተኛው ቀን ከሥራ በቀጥታ ስደርስ የክፍሉ በር ላይ አንድ ወጣት ቆሟል። ረጅም ነው፤ የሥራ ቦት ጫማ አድርጓል። ሳንድዊች በግራ እጁ ይዞ ይበላል። ግንባሩ የአባቴ ግንባር ነው።

«አንቺ ኖላዊት ነሽ» አለኝ በእንግሊዝኛ። «ናኦል ነኝ። ከያኪማ።»

ስም ብቻ ነው የነገረኝ፤ ቀሪው ፊቱ ላይ ነበር። ዕድሜውን ጠየቅኩት። በወራት ይበልጠኛል። የማውቅ መስሎት ነበር፤ እሱ እኔን ሁልጊዜ ያውቀኝ ነበርና። ስለ እኔ ብዙ ተነግሮታል። ዋና እንደማልወድ ያውቃል። ቀዘፋ ላይ ያገኘሁትን ሜዳሊያ ፎቶ አይቷል።

«አንድ ነገር ሁልጊዜ ላመሰግንሽ እፈልግ ነበር» አለ። «ጠመንጃውን። በዚያን ጊዜ ቁመታችን እኩል ነበር፣ እጃችንም አንድ ነው፤ በአንቺ ልክ ነው ያሠራው። አፈሙዙንም የመረጥሽው አንቺ ነሽ ብሎኛል። በሱ ነው የልጆች ውድድር ያሸነፍኩት። አሁንም ጎረቤቶቻችን ሳር ላይ ሽኮኮ ሲበዛባቸው እኔን ይጠሩኛል።»

ጨዋ ልጅ ነው። መጥፎ ቢሆን እመርጥ ነበር።

«አልከበደህም?» አልኩት።

ሳቀ። «አሥር ዓመቴ ነበር እኮ። በጣም ነው የከበደኝ። የመጀመሪያውን ዓመት ሙሉ እሱ ነበር ከሥር በእጁ የሚደግፍልኝ።»

ወደ ክፍሉ ሳልገባ ተመለስኩ። አውራ ጎዳናው ተዘጋግቷል፤ መንገዱን ሙሉ ለእናቴ እንዴት እንደምነግራት ቃል ስመርጥ ነበር። ትወድቃለች ብዬ ፈራሁ። ውሃ እሰጣታለሁ፣ መጀመሪያ አስቀምጣታለሁ፣ ከዚያ እነግራታለሁ። ስገባ ወጥ ቤት ቆማ ለሆስፒታሉ የሚሄድ ሾርባ ፔርሙስ ውስጥ እየገለበጠች ነው።

«እማዬ፣ ትንሽ ቁጭ በይ።»

ፔርሙሱን ከደነች። አላየችኝም። «ልጁ ብቻውን ነው የመጣው ወይስ እናቱ ፋንታዬም አለች?»

የተቀመጥኩት እኔ ነኝ።

«ታውቂያለሽ?»

«አንቺ ሳትወለጂ።»

«ለምን አልተለየሽውም?»

«ለማን ልተወው? ለእሷ?» ጠረጴዛውን በጨርቅ ወለወለች፤ ንጹሕ ነበር። «ሥራ ነው ብሎ ሳምንቱን ለሁለት ከፈለው። ቅዳሜ ደግሞ ሊጨመርላት ነበር፤ የልጁ ጨዋታ አለ እያለ። ቅዳሜ አንቺን አስያዝኩት። ልጅ ያስከተለ ሰው ወደዚያች ሴት ቤት አይሄድም። ያን ያህል ያፍራል፤ እሱን አውቀዋለሁ።»

«ለዚህ ነው ከእሱ ጋር የምትልኪኝ የነበረው?»

«ለምን ነው ብለሽ ነበር?»

ፀጉሬን ስታበጥረኝ ትጠይቀኝ የነበረውን ሁሉ አሰብኩ። ማን ነበር፣ ስልክ አወራ፣ ሴት ነበረች። አንዱ ሜትር አድርጎኛል፣ አንዷ ዘበኛ።

«ጠመንጃ አሠርቶለታል» አልኳት። ቢያንስ አንድ ነገር እንዲያማት ፈልጌ ነበር። «ይዞኝ እየሄደ። እኔን እየለካ።»

ጨርቁን አጥፋ ቧንቧው ላይ አንጠለጠለችው። «ይዞሽ ነው አይደል የሄደው?» አለች። «እዚያ አልሄደም። እዚህ ነበር። አንቺ ቅዳሜ ቅዳሜ አባት ነበረሽ፤ ያቺ ግን ልጇን ይዛ በር በሩን ስታይ ትውላለች። ምኑ ነው ያነሰሽ?»

ሐምሳ ስድስት ዓመቷ ነው። ጉልበቷ አብጧል። ያሸነፈች ሰው ነበር የምትመስለው፤ አሁንም ያሸነፈች ይመስላታል።

ፔርሙሱን በላስቲክ ጠቅልላ ፊቴ አስቀመጠች። «ጠዋት ከእነሱ ቀድመሽ ድረሺ» አለችኝ። «አልጋው ራስጌ አንድ ወንበር ብቻ ነው ያለው። ሐኪም ሲመጣ የሚያናግረው እዚያ የተቀመጠውን ነው። ማንም ቢመጣ እንዳትነሺለት።»

አልሄድም ልል አፌን ከፈትኩ።

ሆስፒታሉ ስደርስ ገና አልነጋም ነበር። ናኦል ወንበሩ ላይ እንደተቀመጠ ተኝቷል፤ ጃኬቱን እስከ አገጩ ስቦታል። የአባቴ ዓይን ክፍት ነው። እኔን አየ፣ እሱን አየ፣ ከዚያ ጣሪያውን ማየት መረጠ።

የናኦልን ትከሻ ነቀነቅኩት።

«ተነስ» አልኩት። «ወንበሩ የኔ ነው።»

በእንቅልፍ ዓይኑ ይቅርታ ጠየቀኝና ተነሳ። ተቀመጥኩ። ገና ሙቅ ነበር።